አስተናግር፦ ስሙ ጠባዩን የሚናገር ተክል

ክረምቱ ሲወጣ በከብት በረት ጥግ፣ በቆሻሻ መጣያ ዳር፣ በመንገድ ግራና ቀኝ ማንም ሳይዘራው የሚበቅል ተክል አለ። ቅጠሉ ሰፊ፣ ዳሩ የተቦዳደሰ ነው፤ በጣት ሲያሹት ይከረፋል። ሲመሽ ነጭ፣ አንዳንዴም ወይን ጠጅ የሆነ፣ እንደ ጡሩንባ የረዘመ አበባ ይከፍታል። አበባው ሲረግፍ በእሾህ የተሸፈነ እንቁላል የሚመስል ፍሬ ይተካል። ይህ ፍሬ ሲደርቅ ከአናቱ ለአራት ይሰነጠቅና ብዙ መቶ ጥቃቅን ዘር ያራግፋል፤ ዘሩ ጥቁር፣ ቅርጹ ኩላሊት መሳይ ነው።

አማርኛ አስተናግር ይለዋል።

የበላው ሰው በአጠገቡ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ ይለፈልፋል፤ ከአየር ላይ ክር የሚለቅም ይመስል ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል፤ የገዛ እናቱን ላያውቃት ይችላል። ስሙም ከመናገር የወጣ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ከታማሚ ራስጌ ተቀምጦ ያየውን በአንድ ቃል አስቀርቷል፤ ዛሬ ሐኪም በካርድ ላይ ከሚጽፈው ብዙም አይርቅም።

አስተናግር የድንች፣ የቲማቲምና የበርበሬ ዘመድ ነው፤ እንደ እነሱም ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰ ነው። በዘሩ፣ በቅጠሉና በሥሩ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ ነርቭ ለምራቅ ዕጢ፣ ለልብ፣ ለአንጀትና ለፊኛ የሚልከውን መልእክት ያግዳሉ። አፍ ይደርቃል፣ ቆዳ ይግላል፣ ልብ ይሮጣል፣ ሽንት እምቢ ይላል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ ከዚያ ቅዠቱ ይመጣል። አንጀት ስለሚዘገይ መርዙ ቶሎ አይወጣም፤ ስካሩ ሁለት ቀንና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል።

በአገራችን የዚህ ተክል ስም ከሁሉ በላይ የሚነሣው ከቆሎ ተማሪ ጋር ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ዙሪያ ዕፀ ፋርስ ይሉታል፤ ከእሱ የሚዘጋጀው አብሾ አእምሮ ይከፍታል፣ የሰሙትን ሁሉ ያስይዛል ተብሎ ሲታመን ኖሯል። መጠጥ ሲቀምስ የሚያብድን ሰው “አብሾ አለበት” የምንለውም ከዚሁ ነው፤ የጠጣው ሰው ዕድሜ ልኩን ከአረቄና ከጠጅ እንዲርቅ ይመከራል። እምነቱን ማቃለል አይገባም፤ ቅኔንና ዜማን ያለ መጽሐፍ በቃል ለመያዝ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ለሚያነጋ ልጅ እንዲህ ያለ ተስፋ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ሳይንስ ያገኘው ተቃራኒውን ነው። የመርሳት በሽታ መድኃኒት የሚሞክሩ ተመራማሪዎች እንስሳትን ሆን ብለው ለማስረሳት የሚሰጧቸው ስኮፖላሚንን ነው። አዲስ ነገር በአእምሮ እንዳይቀረጽ ያግዳልና። ቅኔውን ያስያዘው የልጁ ድካም እንጂ ዘሩ አይመስልም።

ለጥርስ ሕመምም ይፈለጋል። ዘሩ በቅቤ ይለወስና በጋለ ብረት ወይም በፍም ላይ ይደረጋል፤ ታማሚው ጋቢ ተከናንቦ አፉን ከፍቶ ጭሱን ይስባል፣ ምራቁንም ይተፋል። “ትሉ ወጣ” ይባላል። ጥርስን ግን ትል አይበላውም፤ የተቦረቦረው ጥርስ እዚያው እንዳለ ይቀራል፣ ጭሱም ከነመርዙ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ቅጠሉን ጨቅጭቆ ለቆረቆርና ለቁስል መቀባትም የተለመደ ነው፤ በቆሰለ ቆዳ መርዙ ወደ ደም እንደሚገባ መታወቅ አለበት።

ባህላዊው ዕውቀት ግን ከንቱ አልነበረም። በሕንድ ሰዎች የዚህን ተክል ዘመድ ለአስም ሲያጨሱ ያዩ እንግሊዛውያን በ1802 እ.ኤ.አ. ገደማ ልማዱን ወደ አገራቸው ወሰዱት፤ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ “የአስም ሲጋራ” በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ተሸጧል። ፈረንሳዊው ደራሲ ማርሴል ፕሩስት ካጨሱት አንዱ ነበር። የታፈነ የአየር ቧንቧ በእርግጥ ይከፈትላቸው ነበር። ዛሬ በአፍ የሚሳበው ኢፕራትሮፒየም የተባለው መድኃኒት የተሠራው ከአትሮፒን ተነሥቶ ነው። ማላታዮን የመሰለ ፀረ ተባይ ጠጥቶ ሳንባው በፈሳሽ የተሞላ ሰው ሆስፒታል ሲደርስም ሐኪሙ የሚያነሣው አትሮፒን ነው፤ ደረቱ እስኪደርቅ ድረስ ደጋግሞ ይወጋዋል።

ልዩነቱ ሐኪሙ በሚሊግራም መለካቱ ነው። የተክሉ የመርዝ መጠን እንደ አፈሩ፣ እንደ ዕድሜውና እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ ትናንት በእፍኝ የተለካው ለዛሬው ልክ አይሆንም። ሳይታወቅ ከእህል ጋር ሲቀላቀልማ ጉዳቱ ከአንድ ቤት ያልፋል። በ2019 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ ካራሞጃ በእርዳታ በታደለ ገንቢ ዱቄት ውስጥ የዚሁ ተክል መርዝ ተገኝቶ ከ300 በላይ ሰዎች ሲታመሙ 5 ሞተዋል። ሕፃን ዘሩን አፉ ውስጥ ከከተተ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ከተቻለም ፍሬውን አብሮ ይዞ መሄድ ሐኪሙን ከብዙ ጥርጣሬ ያድነዋል።

ዘሩ አፈር ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ከማሳና ከግቢ የሚነቀለው ፍሬው አረንጓዴ ሳለ፣ ሳይሰነጠቅ ነው። የነቀለው ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ዓይኑን ካሸ ብሌኑ ሰፍቶ ቀኑን ሙሉ ብርሃን ሲወጋው ሊውል ይችላል።