ከመቃብር መስቀል የተነሣው ቀጥቃጭ

ዦርዥ ሊዮቶ ቅርፃ ቅርፅ ያስተማራቸው ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1899 ከሄይቲ ዋና ከተማ ብዙም በማትርቀው በክሯ ደ ቡኬ ተወለዱ፤ የባቡር ሐዲድ ሲጠግኑ ቆይተው የራሳቸውን የብረት መቀጥቀጫ ከፈቱ። የገበሬ መሣሪያና የከብት መተኮሻ ማኅተም ይሠሩ ነበር። ሟች ላለበት ቤተሰብ ደግሞ የመቃብር መስቀል ይቀጠቅጣሉ።

ለዝና ያበቋቸው እነዚያ መስቀሎች ናቸው። በ1944 በፖርቶ ፕሪንስ «ሳንትር ዳር» የተባለውን የሥነ ጥበብ ማዕከል የመሠረተው አሜሪካዊው ዲዊት ፒተርስ በ1953 መስቀሎቹን አይቶ ሠሪያቸውን አፈላለገ። ሊዮቶ ያኔ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ፒተርስ ቅርፃ ቅርፅ እንዲሠሩ አበረታታቸው እንጂ ሙያውን ከእሱ አላገኙትም። እጃቸው ቀድሞውንም የተካነ ነበር፤ በቩዱ እምነት ሥርዓት ላይ መሬት ላይ በዱቄት የሚነሰነሱት ጥምዝምዝ ምልክቶችም እያዩ ያደጉባቸው ናቸው።

ዋና ጥሬ ዕቃቸው ሁለት መቶ ሊትር ገደማ የሚይዘው የዘይትና የነዳጅ በርሜል ሆነ። ክዳኑና ቂጡ በመሮ ይወጣል፤ ውስጡ በደረቅ የሙዝ ወይም የሸንኮራ አገዳ ቅጠል ይጠቀጠቅና በእሳት ይለኮሳል። ቀለሙና የዘይቱ ቅሪት ተቃጥሎ ሲያልቅ በርሜሉ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል፣ ይዘረጋል፣ በመዶሻ ይደለደላል። ቁመቱ ወደ 180፣ ወርዱ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ገበታ ይወጣዋል። በጠመኔ ንድፍ ይሰመርበታል፤ ከዚያ መሮው ይጀምራል። አስቸጋሪው ይህ ነው፤ መሮ የበጠሰው ብረት ተመልሶ አይገጥምም። በመጨረሻ የምስሉ ጉንጭ ወይም ክንፍ ከጀርባው እየተመታ ወደ ፊት ያብጣል፤ ዝገት እንዳይበላውም ቫርኒሽ ይቀባል።

የሊዮቶን ሥራ ከተከታዮቻቸው የሚለየው ቁጥብነቱ ነው። የባሕሯን መንፈስ ላ ሲሬንን ሲሠሩ ዙሪያዋን በጌጥ አይሞሉም፤ ጥቂት ቁርጥ መስመር፣ ጥቂት ቀዳዳ፣ ዓሣም ሴትም ትሆናለች። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ሙራ ብሪየር፣ የሉዊ ዡስት ወንድማማቾች፣ ጋብርኤል ቢያን ኤሜና ሰርዥ ዦሊሞ ደግሞ ገበታውን በቅጠል፣ በወፍና በተጠላለፈ አካል ሞሉት። ሁለቱም ያምራል፤ የሊዮቶ ግን ከሩቅ ይታወቃል።

በ1989 ፓሪስ ላይ በተዘጋጀው «የምድር አስማተኞች» ታላቅ ዐውደ ርእይ ሥራቸው ቀረበ። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ።

ሙያው የክሯ ደ ቡኬ ክፍል በሆነው በኖዋይ ሠፈር ተስፋፍቶ ብዙ ቤተሰብ መገበ። በቅርብ ዓመታት ግን የታጠቁ ወንበዴዎች ከተማዋን በመያዛቸው ብዙ ቀጥቃጮች ሠፈራቸውን ጥለው ሸሽተዋል።