ሕመም የሌለው እብጠት

ሕመም ክፉ ቢሆንም ሰውን ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። የማያም እብጠት ግን እያደገ እንኳ ጠያቂ የለውም።

በጎረቤታችን በሱዳን፣ በካርቱም ከተማ፣ እግሩ ያበጠ ገበሬ ወይም እረኛ ሲቀርብ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያስበው ማይሴቶማን ነው። ይህ በሽታ በአፈር የሚኖር ፈንገስ ወይም ባክቴሪያ እንደ ግራር እሾህ ባለ ነገር በተወጋ ቆዳ በኩል ሲገባ የሚመጣ ነው ይባላል። ሳያም ለዓመታት ያድጋል፤ ኋላም ቆዳውን ቀዶ በሱዳን አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ቅንጣት ያለበት ፈሳሽ ያወጣል፤ አጥንት ከደረሰ እግርን እስከ ማስቆረጥ ይሄዳል።

ዳሩ ግን እብጠት ሁሉ ማይሴቶማ አይደለም። አልፎ አልፎ የሚገኝ፣ ሐኪሞች ሚክሶማ ወይም የቆዳ ሙሲኖሲስ የሚሉት ጉዳት የማያደርስ እብጠት አለ። በዚህኛው ውስጥ ተሐዋሲ የለም፤ ሙሲን የተባለ ዝልግልግ ነገር ከልክ በላይ መከማቸቱ ብቻ ነው። አንዳንዱ ተመልሶ ቢበቅልም ቆርጦ ማውጣት ይበቃዋል። ማይሴቶማ ግን የብዙ ወራት መድኃኒት ይፈልጋል፤ ሳይመረመር በችኮላ የተቀደደ እንደሆነም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። እንግዲህ በምላጭ ለማፍረጥ የሚቸኩል ዘመድ ምን ያህል እንደሚያጠፋ አንባቢያችን ይገምት።

ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ከእብጠቱ ቁራጭ ተወስዶ እንደ ወረቀት ሳስቶ ይከተፍና አልሲያን ብሉ በሚባል ቀለም ይነከራል፤ ሙሲን ያለበት ስፍራ ሰማያዊ ይሆናል። ሌላውን ክትፋይ አስቀድመው ሃያሉሮኒዴዝ በተባለ ኢንዛይም ቢያክሙት ግን ሰማያዊው ይጠፋል፤ ማስረጃውም ይህ ነው። ማይሴቶማ ከሆነ የተሐዋሲው ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ እሾህና ባዶ እግር በመተማና በሑመራ ቆላም አሉ። እሾህ ከወጋው ከወራት በኋላ እግሩ ያበጠ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር።

ካርቱም በዚህ ሙያ የቆየች ናት። የዌልካም የሐሩር ክልል ምርምር ላቦራቶሪ በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ የተከፈተው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1903 ነበር። በ1991 ደግሞ ፕሮፌሰር አሕመድ ሐሰን ፋሐል በሶባ የማይሴቶማ ምርምር ማዕከልን አቋቋሙ፤ በ2016 የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታውን ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር ቈጠረው። ሆኖም በሚያዝያ 2023 በተነሣው ጦርነት ማዕከሉ ወደመ። ከ40 ዓመት በላይ የተሰበሰበው መረጃና ናሙና መጥፋቱንም ፕሮፌሰሩ በ2025 ተናገሩ፤ ሐኪም አዲስ እብጠት ሲገጥመው ከቀድሞው ጋር የሚያነጻጽርበት ሀብት ይህ ነበር።