አሮጌ ካምፐር ለአንኮበር ዳገት፦ ከዕቃው ብዛት ይልቅ አቀማመጡን

የአንኮበር እንግዳ ማደሪያውን ይዞ መምጣት የጀመረው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1841 በሻምበል ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የዘለቀው ድንኳኑን በግመል ጭኖ ነው። ከቁልቁለቱ ሥር ያለው አልዩ አምባም በዚያ ዘመን የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበር። ዛሬ ግመሉንም ድንኳኑንም ባንድ ላይ የሚተካ ዕቃ አለ፤ አልጋና ማብሰያ የተገጠመለት ቫን፣ በፈረንጆቹ አጠራር ካምፐር።

ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ 170 ኪሎ ሜትር፣ ከደብረ ብርሃን ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሥፍራ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና በአንኮበር ስም የምትጠራው ብርቅዬ ወፍ ጎብኚ ይስባሉ። ወፍ ፈላጊ ደግሞ ጎሕ ሲቀድ ገደሉ አፋፍ ላይ መድረስ ይፈልጋል። በመሆኑም እዚያው መኪናው ውስጥ የሚያድር እንግዳ ለአስጎብኚው ጥሩ ደንበኛ ነው።

ሆኖም አሮጌ ካምፐር የሚገዛ ሰው መኪናና ቤት ባንድ ዋጋ ይገዛል። ሻጩ የሚያሞግሰው ማቀዝቀዣውን፣ መታጠቢያውንና መጋረጃውን ነው። ገዢው መጠየቅ ያለበት ግን አልጋው ምን ላይ እንዳረፈ፣ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈትና ቤቱ ተነቅሎ መኪናው ለሌላ ሥራ ይውል እንደሆነ ነው።

ፎልክስዋገን፦ ቤቱ ምቹ፣ ሞተሩ ከአልጋው ሥር

ዌስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የፎልክስዋገንን ቫን ወደ ካምፐር ሲለውጥ ኖሯል። አቀማመጡ ለብዙዎች አርአያ ሆኗል። ምድጃው፣ የዕቃ ማጠቢያውና ማቀዝቀዣው ከሾፌሩ ጀርባ በግራ ግድግዳ ይደረደራሉ። የኋላው ወንበር ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል፤ ጣሪያው ሲነሣ ደግሞ ሁለተኛ አልጋ ይገኛል። ተንሸራታቹ በር በቀኝ ስለሆነ እንግዳው የሚወርደው ወደ መንገዱ ዳር ነው።

የእንግሊዝ ሥሪት የሆኑት ግን መሪያቸው በቀኝ፣ በራቸውም ብዙውን ጊዜ በግራ ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ መንገድ ስለተሻገረች፣ እንዲህ ያለው መኪና ተሳፋሪውን የሚያወርደው ወደ ተላላፊ መኪና ነው።

የፎልክስዋገኑ ትልቁ ችግር ግን ሞተሩ ነው። በአሮጌዎቹ ሞዴሎች ሞተሩ ከኋላ፣ ከአልጋው ሥር ነው። ዳገት ላይ ቢያስቸግር መካኒኩ ከመፍቻው በፊት ፍራሹን ማንሣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የመጡት ውኃ የሚቀዘቅዙት ሞዴሎች ራዲያተራቸው ከፊት፣ ሞተራቸው ከኋላ በመሆኑ ውኃው ከወለሉ ሥር በረጃጅም ቱቦ ይመላለሳል። ቱቦው ዝጎ ካፈሰሰ ሞተሩ ይቃጠላል፤ መለዋወጫውም ከየመደብሩ የሚገኝ አይደለም።

ሃይኤስ፦ ባዶ ወለል ሀብት ነው

የቶዮታ ሃይኤስ ሞተር ከፊት ወንበሮቹ ሥር ነው። ስለዚህ ከኋላ ያለው ወለል ዝርግና ነፃ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አሠራር ይታያል። አንዱ ቋሚ ሲሆን ቁም ሣጥን፣ መታጠቢያና አልጋ ከላሜራው ጋር ይታሰራሉ። ሁለተኛው በግራና በቀኝ ሁለት ሣጥን አግዳሚዎች አድርጎ፣ ማታ መካከላቸውን በኮምፔንሳቶ ሸፍኖ ስፖንጅ ማንጠፍ ነው።

ሁለተኛው ለዓይን አያምርም። ነገር ግን ጥቂት ብሎኖች ሲፈቱ መኪናው ወደ ጭነት ይመለሳል። ሃይኤስን የሚያውቅ መካኒክ በየከተማው አለ፤ መለዋወጫውም ለታክሲው ሲባል በብዛት ይነገድበታል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ጣሪያው ነው። ለሚነሣ ጣሪያ ሲባል ላሜራው ተቆርጦ ዙሪያው በብረት ካልተጠናከረ አካሉ ይላላል፤ ውኃም ያስገባል።

ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዶርሞቢል የተባለው ሥሪት የላንድሮቨርን ጣሪያ ወደ ጎን እንዲነሣ አድርጎ፣ ከሸራው ሥር አልጋ ዘርግቶ ነበር። ረጅሙ ላንድክሩዘር ደግሞ ከውስጥ በቁመቱ አልጋ፣ ከፖርቶ መጋላው ላይ ድንኳን ይቀበላል። ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት እነዚህን የሚወዳደር የለም። ቦታቸው ግን ጠባብ ነው። ዝናብ ሲሆን ምግብ የሚበስለው ጎንበስ ተብሎ ነው። ጣሪያ ላይ የሚጫን ድንኳንም መኪናውን ከላይ ስለሚያከብደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ያወዛውዛል።

ደጋ የሚፈትናቸው ዕቃዎች

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። በጋዝ ነበልባል የሚሠራው አሮጌ ማቀዝቀዣም ይደክማል፤ ዘንበል ብሎ ከቆመ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። በባትሪ የሚሠራው ይሻላል። በናፍጣ የሚሠራ ማሞቂያ ለከፍታ ካልተስተካከለ ጥላሸት ይሞላል። የውጭ አገር የጋዝ ሲሊንደር አፍም ከአገር ውስጡ ጋር ላይገጥም ይችላል።

በጎረቤላ ብርድ ከማሞቂያ በፊት የሚጠቅመው ግድግዳው በሚገባ መለበዱ ነው። ባልተለበደ ላሜራ ላይ የአዳሪዎቹ ትንፋሽ ወደ ውኃነት ተለውጦ ይንጠባጠባል፤ ከኮምፔንሳቶው ጀርባም በድብቅ ያዝጋል። ስለዚህ ገዢው ፍራሹን አንሥቶ፣ ሣጥኖቹን ከፍቶ ወለሉን መመልከት አለበት። በቀለም ሥር የተደበቀ ስቱኮ ማግኔት አይስብም።

ሒሳቡ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ከዚህ አንፃር የሚያዋጣው አገር ውስጥ ያለውን መኪና መለወጥ ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ዓይነት ከአዲሱ ሥራ ጋር መስማማቱ ግን ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ይጣራ።

ጎብኚ በሌለበት ክረምትም ሆነ አገር ሰላም ባጣበት ጊዜ፣ ቋሚ ወጥ ቤት የተገነባበት ካምፐር ቆሞ ባለቤቱን ይበላል። ደላላው ሊያገናኘው የሚችለው ገዢም አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ቤቱ የሚነቀልለት ሃይኤስ ግን በማግስቱ ሽንኩርትና ምስር ጭኖ ገበያ ይወጣል፤ ሲሸጥም ነጋዴውም አስጎብኚውም ይጠይቁታል።

እናም መንገዱ አስፋልት ለለቀቀበት ሥራ ላንድክሩዘር፣ ለምቾትና ለትዝታ ፎልክስዋገን ይመረጥ ይሆናል። ገንዘቡን መኪና ውስጥ ለሚያስር ነጋዴ ግን የሚበጀው በመፍቻ ተፈትቶ የሚወርድ አልጋ ነው።