የሞተር ኮምፒዩተር ስንገዛ የምንገዛው ምንድን ነው?

በመርካቶ ሶማሌ ተራ ከሚሸጡት የመኪና መለዋወጫዎች አንዱ መጠኑ ከመማሪያ መጽሐፍ የማይበልጥ ሣጥን ነው። ነጋዴውም መካኒኩም «ኮምፒዩተር» ይሉታል። ተግባሩ ኢንጀክተሩ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭና ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ መወሰን ነው። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ሣጥን ያጣመረው የቦሽ ኩባንያ «ሞትሮኒክ» እ.ኤ.አ. በ1979 በቢኤምደብሊው መኪና ላይ ተገጠመ። ፍጥነት የሚሹ ባለመኪናዎች ደግሞ የፋብሪካውን አውጥተው፣ እንደ አውስትራሊያዎቹ ሃልቴክና ሞቴክ ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሩትን፣ በውስጡ ያሉት ቁጥሮች በላፕቶፕ ሊለወጡ የሚችሉ ኮምፒዩተር ያስገጥማሉ። ዕቃው ውድ በመሆኑ ያገለገለውም ይሸጣል፣ ይገዛል። ለመሆኑ በባሕር ጠረፍ ከተማ መኪናን ያስፈነጠረ ኮምፒዩተር ኮተቤ ላይ ያንኑ ይሠራልን?

በቅድሚያ የቃጠሎን ኬሚስትሪ እናስታውስ። 1 ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በየቅጽበቱ ወደ ሞተሩ የገባውን አየር ማወቅ አለበት። ከሴንሰሮች የሚደርሰውን መረጃ ይዞ፣ በማኅደረ ትውስታው ከተቀመጠ ሠንጠረዥ ላይ ተገቢውን የቤንዚን መጠን ያነባል። እንግዲህ ለሣጥኑ ዋጋ የሚሰጠው ብረቱ ሳይሆን ይህ ሠንጠረዥ ነው።

በየካ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ኮተቤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 75 ይወርዳል፤ በእንጦጦ ተራራ 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ 70 ገደማ ይሆናል። በመሆኑም ተርቦ የሌለው ሞተር ኮተቤ ላይ የሚስበው አየር በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። የጎደለውን አየር የሚፈጥር ኮምፒዩተር የለም።

ዋናው ጥያቄ ኮምፒዩተሩ ጉድለቱን ያውቀዋል ወይ የሚለው ነው። የአየር ግፊትን የሚለካ ሴንሰር ያለው ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይቀንሳል። አንዳንድ የውድድር መኪና ኮምፒዩተሮች ግን የሚመለከቱት የአየር ማስገቢያው በር ምን ያህል እንደተከፈተና ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ብቻ ነው። ሠንጠረዡ በባሕር ወለል የተዘጋጀ ከሆነ፣ የግፊትም የኦክስጅንም እርማት ከሌለው፣ ለሦስት አራተኛ አየር ሙሉ ቤንዚን ይረጫል። 14.7 የነበረው ምጣኔ ወደ 11 ይወርዳል። ውጤቱም ከማርሚታው የሚወጣ ጥቁር ጭስ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላ፣ የሞተሩን ዘይት የሚያቀጥን ቤንዚንና መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

ተቃራኒው ጉዞ የባሰ አደጋ አለው። ኮተቤ ላይ በሙሉ ጉልበት 12.5 ምጣኔ እንዲኖረው የተስተካከለ መኪና 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት አዋሽ ቢወርድ፣ የሙቀቱን ለውጥ ለጊዜው ብንተወው፣ ምጣኔው ወደ 15 ይደርሳል። አየሩ በዝቷል፤ ቤንዚኑ ግን አልጨመረም። በከባድ ጭነት ጊዜ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ያንኳኳል፤ ፒስቶንም እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል።

ስለሆነም ገዢው ከዋጋው በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ሠንጠረዡ ለየትኛው ሞተርና ኢንጀክተር፣ በየትኛው ከፍታ ተዘጋጀ? የግፊት ሴንሰር ይቀበላል? የቀድሞው ባለሙያ በይለፍ ቃል ቆልፎታል? ከተቆለፈ ቁጥሮቹን ማስተካከል አይቻልም። ያገለገለ የፋብሪካ ኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ በላዩ የተለጠፈው ቁጥር ከነባሩ ጋር መመሳሰል አለበት፤ በብዙ መኪኖች የቁልፉ ምሥጢራዊ ኮድም ካልተዛመደ ሞተሩ አይነሳም። መሰኪያው የዛገ ወይም ክዳኑ ተከፍቶ የተዘጋ ከሆነም መጠራጠር ይገባል።

ሻጩም ቢሆን እነዚህን መረጃዎች ከዕቃው ጋር የማስረከብ ኃላፊነት አለበት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን ስናስብ፣ በእጃችን ያለ ሞተር በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ሣጥኑን ከየትም ማምጣት ይቻላል፤ ሠንጠረዡ ግን መኪናው በሚነዳበት አየር መስተካከል አለበት።