ቢጫ ዓይን ሁሉ የጉበት በሽታ አይደለም

ከመገናኛ እስከ ገርጂ፣ ከቦሌ እስከ ሲኤምሲ የግል ላቦራቶሪዎች በዝተዋል። ሙሉ ምርመራ ያደረገ ሰው የጉበት ውጤቱንም ይዞ ይወጣል። ቢሊሩቢኑ ከፍ ብሎ ከተገኘ ቤተሰብ ይደናገጣል፤ «የወፍ በሽታ ነው» ይባልና የባህል መድኃኒት ፍለጋ ይጀመራል። አንዳንዱ ቅጠል ራሱ ጉበት ይጎዳል።

ቢሊሩቢን ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ የሚፈጠር ቢጫ ነገር ነው፤ ጉበት ከሐሞት ጋር ያስወግደዋል። ለረጅም ዘመን እንደ ቆሻሻ ብቻ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ግን ሮላንድ ስቶከርና ባልደረቦቹ ቅባቶችን በኦክሲጅን ከመበላሸት እንደሚከላከል አሳዩ። ደም ቅዳ ቧንቧን ከሚያደነድኑት ነገሮች አንዱ በግድግዳው ውስጥ የሚበላሸው ኮሌስትሮል ነውና ብዙ ተመራማሪዎች ጉዳዩን ተከታተሉት። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ጥናት የልብ ደም ቧንቧ ሕመም ዝቅተኛ ቢሊሩቢን ባላቸው ሰዎች ላይ በርክቶ ማግኘቱን ገለጸ።

ነገሩ ለእኛም ቅርብ ነው። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 በነፃ መሰጠት ጀመረ። የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራ ሲላቸው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ከተሸጋገሩት መካከል አታዛናቪር የሚወስዱ አሉ። አታዛናቪር ቢሊሩቢንን የሚያስወግደውን የጉበት ኢንዛይም ያግዳል። ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ጉበቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ጎረቤት ምስጢሬን ያውቅብኛል ብሎ ክኒኑን በራሱ የሚያቆም ሰው ግን ቫይረሱ ያገረሽበታል። ያስጨነቀው ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ መድኃኒቱ ሊቀየርለት ይችላል። ይኸው መድኃኒት ከደም ቧንቧ ጋር በተያያዘም ተጠንቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ አታዛናቪር በሚወስዱ ሰዎች ላይ የአንገት ደም ቅዳ ግድግዳ ውፍረት ሌላ መድኃኒት ከሚወስዱት ይልቅ በዝግታ እንደሚጨምር አሳይቷል።

ይህን ሰምቶ ቢሊሩቢንን እንደ መከታ መቁጠር ግን ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንማርክ ተመራማሪዎች በዘር ቢሊሩቢናቸው ከፍ ያለ ሰዎችን አጥንተው ከልብ ሕመም የተለየ ጥበቃ አላገኙላቸውም። በእኔ ግምት ቢሊሩቢን ስለ ደም ቧንቧ ጥቂት የሚጠቁም ምልክት እንጂ መድኃኒት አይደለም።

ጉበት ገና ያላዘጋጀው፣ «ቀጥተኛ ያልሆነ» የሚባለው ቢሊሩቢን ብቻ በመጠኑ ከፍ ብሎ ሌላው የጉበትና የደም ምርመራ ደህና ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ዢልቤር የተባለው ጉዳት የሌለው የዘር ሁኔታ ነው። ሽንት ከጠቆረ፣ ሰገራ ከነጣ ወይም ትኩሳት ካለ ግን ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ቢጫ የሆነው ጨቅላ ሕፃን ከሆነ ዛሬውኑ ይውሰዱት። ወደ ደም ቧንቧ ስንመለስ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ ያህሉ የደም ግፊት ነበረባቸው። ለደም ቧንቧዎ የሚያስቡ ከሆነ ግፊትዎን ይለኩ።