የልብ ጭንቀት የማን ደዌ ነው?

በዚህ በፍራንክፈርት የሥነ ልቡና ሕክምና በምሰጥባቸው ዓመታት፣ ከወገኖቼ ዘንድ ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ «ድብርት የፈረንጅ በሽታ አይደለምን?» የሚል ስለሆነ፣ ዛሬ በጽሑፍ ልመልስ ወደድሁ።

ደዌው የአዳም ልጅ ሁሉ ነው፤ የሚለየው አነጋገሩ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም «ሐዘን ይሰማዎታልን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የእኛ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ካለ በኋላ፣ ራሱን እንደሚያቃጥለው፣ እንቅልፍ እንደ ነሣው፣ ልቡም እንደሚመታ ይናገራል፤ ሐኪሙም ደሙን መርምሮ ምንም ቢያጣ ያሰናብተዋል። ገመናን መሸፈንና መከራን ችሎ መሸከም እንደ ምግባር በሚቆጠርበት አገር ያደገ ሰው፣ ጭንቀተ ኅሊናውን በሥጋው ቋንቋ ቢናገር ሐሰተኛ አይባልም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ፣ ሕመምተኛው ሕመሙን በራሱ ቃል እንዲገልጽና መንሥኤው ምን እንደሚመስለው እንዲናገር የሚጋብዝ መጠይቅ የጨመረው ስለዚሁ ነው። እናንተም ሳትጠየቁ ይህን ለሐኪማችሁ ንገሩት።

«ጸበሉንስ ልተው?» ለምትሉኝ፣ አትተዉ እላለሁ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ያከብራል፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስዱ መክረዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ፣ የታዘዘውን ክኒን በአንድ ቀን የሚያቋርጥ ሰው ነው።

ወሬው ማኅበር ቤት ይደርሳል ብላችሁ አትፍሩ፤ ምስጢር የሚያወጣ ሐኪም በጀርመን ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 203 ይቀጣል። ቀጠሮ በ116117 ይገኛል፤ ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ሲመጣ ግን 112 ደውሉ።

ጥያቄ ያላችሁ፣ ስማችሁን በአደባባይ ሳትገልጡ ለብቻዬ ጻፉልኝ።