የቅርስ ቪዲዮዎች ከካሴት ወደ ዲጂታል ፋይል ሲገለበጡ ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ምርጫዎች

የሐረር ጀጎል በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት፣ የሹዋሊድ በዓል ደግሞ በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም በማይዳሰስ ቅርስነት በዩኔስኮ መመዝገባቸው ይታወሳል።

የግንቡን በሮች፣ የጊደር መጋላን ገበያና የበዓላትን አከባበር የሚያሳዩ የቪዲዮ ምስሎች ለቅርስ ጥበቃ ሥራ በማስረጃነት ያገለግላሉ። ካሴት በጊዜ ብዛት የሚበላሽ፣ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ያለ በመሆኑ ወደ ዲጂታል ፋይል መገልበጡ ግድ ነው። ሆኖም በግልበጣው ወቅት ሁለት ምርጫዎች በአግባቡ ካልተወሰኑ ማስረጃው ይዛባል።

የመጀመሪያው ኢንተርሌስ የሚባለውን የምስል አቀራረጽ ይመለከታል። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት በኖረው ፓል በተባለው ሥርዓት በሰከንድ 25 ምስሎች ይታያሉ። እያንዳንዱ ምስል ፊልድ በሚባሉ ሁለት ግማሾች የሚከፈል ሲሆን፣ አንደኛው 1ኛ፣ 3ኛና 5ኛ እያለ፣ ሌላው 2ኛ፣ 4ኛና 6ኛ እያለ የሚሄዱትን መስመሮች ይይዛል።

ግማሾቹ በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ልዩነት የተቀረጹ ስለሆኑ በኮምፒውተር ላይ በአንድነት ሲታዩ በሚንቀሳቀሱ ነገሮች ጠርዝ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ይፈጠራል። ይህን ለማስወገድ ዲኢንተርሌስ የተባለው ምርጫ ጥቅም ላይ ይውላል። በሰከንድ 50 ምስል ከተመረጠ እንቅስቃሴው ሳይቀነስ ይቀራል። የምስሉን ቁመት መለወጥ ካስፈለገም ከዚህ በኋላ መሆን ይኖርበታል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ መስመሮቹ ተደባልቀው መለየት ያዳግታል። በአንጻሩ ከመነሻው በሙሉ ምስል የተቀረጸ ቪዲዮ ዲኢንተርሌስ ቢደረግ ጥራቱ ያለ ጥቅም ይቀንሳል።

ሁለተኛው የምስሉ ስፋትና ቁመት ንጽጽር ነው። በፓል ሥርዓት የተቀረጸ ዲጂታል ቪዲዮ 720 በ576 ፒክስል ሲሆን፣ ይኸው መጠን 4 ለ 3 ወይም 16 ለ 9 ሆኖ ሊታይ ይችላል። በ4 ለ 3 የተቀረጸው ወደ 16 ለ 9 ቢለጠጥ የጀጎል ጠባብ መንገዶች በአንድ ሦስተኛ ሰፍተው ይታያሉ። ስክሪኑን ለመሙላት ቢቆረጥ ደግሞ የምስሉ ቁመት አንድ አራተኛ ይጠፋል፤ የመስጊድ ሚናራ ጫፍም አብሮ ሊቆረጥ ይችላል። ትክክለኛው መፍትሔ በግራና በቀኝ ጥቁር ክፍተት መተው ነው።

ለማረጋገጥ ቀላሉ ዘዴ ክብ የሆነ ነገር መመልከት ነው። በሐረሪ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ክብ ስፌቶች ከፊት ለፊት ተቀርጸው ሳለ ሞላላ ሆነው ከታዩ ምርጫው ስህተት ነው።

ስለሆነም መሥሪያ ቤቶች ሁለት ቅጂ ማዘጋጀት ይጠበቅባቸዋል። የመጀመሪያው አቀራረጹና መጠኑ ሳይለወጥ በመዝገብ ቤት የሚቀመጥ፣ ሁለተኛው ዲኢንተርሌስ ተደርጎ ለዕይታ የሚቀርብ ይሆናል። ሥራው በውል ለሌላ አካል የሚሰጥ ከሆነም እነዚህ ነጥቦች በውሉ ላይ በግልጽ ሊሰፍሩ፣ ቅጂዎቹ ተመርምረው ርክክብ እስኪፈጸምም ካሴቶቹ ሊወገዱ አይገባም።